የዩኒቨርሲቲ ቅበላ የሚጀምረው ከስምንተኛ ክፍል ነው



እዚህ ካላችሁ የወረታና የፎገራ ወላጆች መካከል የሩዝ ዋጋ በታኅሣሥ ስንት እንደሆነ፣ ሰኔ ሲገባ ወዴት እንደሚሄድ የማይናገር ያለ አይመስለኝም። ልጃችሁ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው በምን መስፈርት እንደሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምትሰሙት ውጤት ከወጣ በኋላ ነው፤ ያውም ከኢንተርኔት ቤት፣ ወይም ከጎረቤት ልጅ አፍ። የዛሬው ንግግሬ በዚህ ላይ ነው። የልጁ ዕድል የሚወሰነው በሐምሌው የ12ኛ ክፍል ፈተና ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት፣ ማንም «ይህ ውሳኔ ነው» ሳይላችሁ፣ ብዙ ነገር ተወስኖ ያልቃል።

ወረታ ያለችበትን ቦታ እናስብ። ባሕር ዳር በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በስተምሥራቅ፣ የወልዲያው መንገድ ከሚገነጠልበት ወዲያ፣ ደብረ ታቦር 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጎንደር በስተሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሦስቱም ከተሞች ዩኒቨርሲቲ አላቸው። የጎንደሩ ከ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ተነሥቶ ያደገ ነው። የባሕር ዳሩ የፖሊቴክኒኩና የመምህራን አካዳሚው ተዋሕደው በ1992 የቆመ ነው። የደብረ ታቦሩ የቅርብ ጊዜ ነው። የእነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ወደ ፎገራ ይመጣሉ። ስለ ሩዙ፣ ስለ ፎገራ ላም፣ ስለ ጉማራና ርብ ወንዞች ጎርፍ ይጠይቁናል፤ እኛም እንመልሳለን። ከናበጋ ወይም ከሺና ቀበሌ የሚመጣው የገበሬ ልጅ ግን ራሱ ጠያቂ ሆኖ ወደ እነዚያ ግቢዎች የሚገባበት መንገድ ጠባብ ነው። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

አሁን ስለ ፈተናው። ከእናንተ መካከል በዕድሜ የገፋችሁት «ማትሪክ» የምትሉትን ታስታውሳላችሁ። በማትሪክ ዘመን ውጤት በኤ፣ በቢ፣ በሲ ይሰጥ ነበር፤ ለመግቢያ የሚታየውም ከአምስት ትምህርቶች የሚወጣው አማካይ ነጥብ ነበር። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ያንን ቀየረው። በ10ኛ ክፍል አንድ አገር አቀፍ ፈተና፣ ከዚያ ሁለት ዓመት መሰናዶ፣ በ12ኛ ደግሞ የመግቢያ ፈተና ሆነ። የ10ኛ ክፍሉ ፈተና ከ2011 ወዲህ ቀርቷል። ስለዚህ የዛሬ ልጅ ከስምንተኛ ክፍሉ የሚኒስትሪ ፈተና በኋላ አራት ዓመት ሙሉ አገር አቀፍ ፈተና ሳያይ ይማራል፤ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም አገር አቀፍ ፈተና 12ኛ ላይ ይጠብቀዋል። የ10ኛው ፈተና ብዙ ልጆችን ከመንገድ ያስቀረ ነበርና ይመለስ አልልም። ቢሆንም ለወላጅ አንድ ነገር ያደርግለት ነበር፤ ልጁ የት እንደቆመ ይነግረው ነበር። ዛሬ ያንን የሚነግር የለም። ትምህርት ቤት የሚሰጠው 85 እና 90 በአገር አቀፍ ፈተና ስንት እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ ወላጅ አላጋጠመኝም።

ፈተናው ስድስት ትምህርት ነው፤ እያንዳንዱ ከመቶ፣ በድምሩ ከ600። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲትዩድ ይፈተናል። የማኅበራዊ ሳይንሱ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ ፈንታ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይወስዳል። ለመደበኛ ቅበላ የሚፈለገው ግማሹ፣ ማለትም 300 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሚታየው ድምሩ ነው። በፊዚክስ 38 ያመጣ ልጅ በባዮሎጂና በእንግሊዝኛ ካካካሰው አልወደቀም። «ፊዚክስ ስለማይሆንልኝ አበቃልኝ» ብለው ከየካቲት ጀምሮ ተስፋ የሚቆርጡ ልጆች አሉ፤ እነሱ ይህንን ይስሙልኝ።

ዓይነ ስውር የሆነ ተማሪ ሒሳብ ስለማይፈተን ድምሩ ከ500 ይታሰባል፤ ግማሹም 250 ይሆናል። በየቀበሌው ዓይነ ስውር ልጃቸውን ከትምህርት ያስቀሩ ቤተሰቦች እንዳሉ እናውቃለን። ዩኒቨርሲቲዎቻችን እነዚህን ልጆች ይቀበላሉ፤ ከእነሱም መምህርና ጠበቃ የሆኑ አሉ። ይህንን ለጎረቤታችሁ ንገሩ።

አፕቲትዩድ ላይ ትንሽ ልቆይ። አፕቲትዩድ ከስድስቱ አንዱ ነው፤ መቶ ነጥብ ይይዛል። ለብቻው ክፍለ ጊዜና መምህር ያለበት ትምህርት ቤት ግን ጥቂት ነው። የቃላት ዝምድና፣ የቁጥር ተከታታይነት፣ አንብቦ ማመዛዘን፤ ይህ ሁሉ በልምምድ የሚሻሻል ነገር ነው። ያልተለማመደ ልጅ ጥያቄውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሰዓት እየተቆጠረበት ነው። የከተማው የግል ትምህርት ቤት ልጅ ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ ሲሠራው ከርሟል። ይህንን ልዩነት ለማጥበብ ሕንፃ አያስፈልግም። የድሮ ጥያቄዎች፣ አንድ ፈቃደኛ መምህርና ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃል። ትምህርት ቤቶቻችን በዚህ ዓመት ቢጀምሩት እወዳለሁ።

እንግሊዝኛ ደግሞ በወረቀት ላይ ከስድስቱ አንዱ ነው፤ በተግባር ግን የስድስቱም ቋንቋ ነው። የታሪኩ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ነው፤ የኬሚስትሪውም እንዲሁ። ልጁ መልሱን እያወቀው ጥያቄው ካልገባው ነጥቡ ይቀርበታል። በታችኞቹ ክፍሎች በአማርኛ ተምሮ ዘጠነኛ ላይ በአንድ መስከረም ሁሉም መጽሐፍ እንግሊዝኛ የሚሆንበት ልጅ፣ ያቺ ዓመት ምን ያህል እንደምትጎዳው መምህራን ታውቃላችሁ። እኔ በተለይ የምፈራለት የዘጠነኛ ክፍሉን ልጅ ነው። የ12ኛ ክፍሉን ሁላችንም እናስጠናዋለን፤ ወደ ዘጠነኛው የሚዞር ሰው የለም።

ቁጥሩን እንየው። በኩረጃና በፈተና መሰረቅ ምክንያት ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት የጀመረው በጥቅምት 2015 ነው። በዚያ ዙር ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። በቀጣዩ ዙር 3.2 በመቶ ሆነ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ። በመካከሉ የተፈታኙ ቁጥር ራሱ መቀነሱንም ልብ በሉ፤ በ2017 የተፈተኑት 585,882 ናቸው። በ2015 የትምህርት ዘመን ተማሪ ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ አንድም ልጅ አላሳለፉም።

በዚህች በመጨረሻዋ ቁጥር ላይ እንቁም። በአንድ ትምህርት ቤት መቶ ልጅ ተፈትኖ አንድ ሲያልፍ «ሰነፎች ናቸው» የሚል ሰው አይጠፋም። በአገሪቱ ካሉ ትምህርት ቤቶች ከአሥሩ አራቱ ማንንም ካላሳለፉ ግን ነገሩ ከልጆቹ ስንፍና በላይ ነው። ፈተናው የሚመዝነው ልጁንም፣ ቤተ ሙከራ የሌለውን ትምህርት ቤቱንም፣ የጎደለውን መጽሐፍም፣ ከዋገጠራ ቀበሌ ወረታ ድረስ መጥቶ በጋራ በተከራየው ክፍል ከቤቱ የሚላክለትን ስንቅ እየበላ የሚያጠናበትንም ኑሮ ነው። ግማሹ ይፈለግ መባሉን እደግፋለሁ። ያለ ችሎታ ማስገባት ልጁን አራት ዓመት አንከራትቶ በመውጫ ፈተና መጣል ነው፤ ያ ፈተና ከ2015 ጀምሮ የዲግሪ ተማሪ ሁሉ ሳያልፈው የማይመረቅበት ሆኗል። መንግሥት መስመሩን እኩል ሲያደርግ ግን ወደ መስመሩ የሚያደርሰውንም መንገድ እኩል የማድረግ ዕዳ አለበት። ያ ዕዳ እስካሁን አልተከፈለም። ክልላችን አማራ ከ2015 ክረምት ጀምሮ በገባበት ጦርነት የትምህርት ቤታቸው በር የተዘጋባቸው ልጆች ሲታሰቡ ደግሞ ዕዳው ይበልጥ ይከብዳል። ልጆቹ ያልተማሩትን ነው የሚጠየቁት።

እስካሁን የተናገርኩት 300 ስላመጣው ነው። ከዚያ በታች ያለውስ? የትምህርት ሚኒስቴር ከ2015 ወዲህ ሬሜዲያል የሚባለውን የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ከፍቷል። ግማሹን ሳያመጡ የቀሩ፣ ግን ሚኒስቴሩ በየዓመቱ የሚያወጣውን መቁረጫ ነጥብ የሚያሟሉ ተማሪዎች ለጥቂት ወራት ዩኒቨርሲቲ ገብተው ዋና ዋናዎቹን ትምህርቶች ይከልሳሉ። በመጨረሻ ከሚገኘው ነጥብ 30 በመቶው ዩኒቨርሲቲው በየጊዜው ከሚሰጠው ምዘና፣ 70 በመቶው ከማዕከል ከሚመጣ ፈተና ነው። ሃምሳና ከዚያ በላይ ያመጣ አንደኛ ዓመት ይገባል። መቁረጫ ነጥቡ ለሁሉም አንድ አይደለም፤ ለወንድና ለሴት፣ ለተፈጥሮና ለማኅበራዊ ሳይንስ፣ ለታዳጊ ክልሎችና ለአርብቶ አደር አካባቢዎች፣ ለአካል ጉዳተኞች ተለያይቶ ይወጣል። ስለዚህ የሴት ልጃችሁን ውጤት ከወንድሟ መቁረጫ ጋር አታስተያዩ። እንዲህ አስተያይታ «አልደረሰልኝም» ብላ ሳትመዘገብ የቀረች ልጅ ቦታዋን ያጣችው ስላልደረሳት አይደለም፤ የነገራት ስለሌለ ነው።

ለሴቶች መቁረጫው ዝቅ ማለቱን «አድልዎ ነው» ብለው የሚከራከሩ ወንድ ተማሪዎች አሉ። ልጆቼ፣ እህታችሁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ምን እንደምትሠራ፣ እናንተስ ምን እንደምትሠሩ አስቡት። ውኃ የሚቀዳው፣ እንጀራው የሚጋገረው፣ ወንድሞቿ ደብተር በያዙበት ሰዓት ነው። የዝቅታው ልክ ከዚያ ሰዓት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ሬሜዲያል የገቡ ልጆች አንድ ነገር ይወቁ። ዶርም፣ ካፌና መታወቂያ ስላገኙ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ይመስላቸዋል። ገና አልገቡም። ወራቱ ያልቃሉ፤ የማዕከሉ ፈተና ይመጣል። ያልተሳካለት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ወላጆች ልጃችሁ ሬሜዲያል ሲደርሰው ደስታችሁን ግለጹለት፤ ድግሱን ግን ለአንደኛ ዓመቱ አቆዩት።

ያለፈውም ልጅ ቢሆን የሚፈልገው ዩኒቨርሲቲ ደረሰው ማለት አይደለም። ምርጫውን በሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ላይ በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ምደባው የሚሠራው በውጤትና በቦታ ብዛት ነው። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች፣ ከሐኪም ርቀው መኖር የማይችሉ ሕሙማን፣ መንትዮች ለብቻ የሚታዩበት አሠራር አለ፤ ማስረጃው ግን በጊዜው መቅረብ አለበት። የምርጫ መሙያው ቀን አጭር ነው። ከነሐሴ 2015 በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠበት በዚህ ክልል «ምርጫ በኦንላይን ሙሉ» መባል ምን ማለት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ከተማሪው በላይ ወሳኝ ሆነ። የይለፍ ቃሉን ይዞ፣ ምርጫውን በራሱ ቅደም ተከተል የሚሞላም አለ። ተማሪዎች፣ የይለፍ ቃላችሁን ለማንም አትስጡ፤ ምርጫችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱና ሲሞላ አጠገቡ ቆማችሁ እዩ።

ሁሉም ዩኒቨርሲቲ በዚህ ምደባ አይቀበልም። አዳማና አዲስ አበባ ያሉት ሁለቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎችን የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና ፈትነው ይወስዳሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ2015 በወጣው አዋጅ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ለመጀመሪያ ዲግሪ አመልካቾች የራሱን ፈተና ይሰጣል። እዚያ መግባት የሚፈልግ ልጅ 300 ማምጣቱ አይበቃውም፤ ማስታወቂያውን ተከታትሎ፣ ለብቻው አመልክቶ፣ ለብቻው መፈተን አለበት። ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ወደዚሁ መንገድ እንዲሄዱ ታስቧል። የወረታ ልጅ ጎበዝ ሆኖ ሳለ የማመልከቻው ቀን ስላለፈበት ብቻ የሚቀርበት ጊዜ እንዳይመጣ እሰጋለሁ።

ስላላለፈው ደግሞ። በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተን ይቻላል፤ ይህ ነውር አይደለም። የወረታ የግብርና ኮሌጅ እዚሁ ደጃችን ነው። ከዚያ በደረጃ ተመርቆ፣ የብቃት ማረጋገጫውን ወስዶ፣ ሠርቶ፣ በኋላ በሚጠየቀው መስፈርት ወደ ዲግሪ የሚሻገር አለ። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ባለበት ከተማ ዘር የሚለይ፣ በሽታ የሚያውቅ፣ የመፈልፈያ ማሽን የሚጠግን ሰው ሥራ አያጣም። ሩዝ ወደዚህ ሜዳ በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር ሲገባ ያመነበት ገበሬ ጥቂት ነበር፤ ዛሬ አገር ይመግባል። ልጁን ኮሌጅ ለማስገባት የሚያፍር ወላጅ ካለ እባኩን ማፈሩን ይተው።

የግል ኮሌጅ የምታስቡም አላችሁ። የመግቢያው መስፈርት ለግሉም ይሠራል፤ «እኛ ጋ ነጥብ አይጠየቅም» የሚላችሁ ካለ ሽሹት። ፈቃድ የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ፈቃዱ ለኮሌጁ ስም በጥቅሉ አይሰጥም፤ ለየትምህርት መስኩ፣ ለየካምፓሱ፣ ለየአሰጣጡ ነው። አዲስ አበባ ላይ በመደበኛ የተፈቀደለት ኮሌጅ ወረታ ላይ በርቀት ለማስተማር ሌላ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ወረቀቱን አሳዩኝ በሉ። ገንዘቡ የእናንተ ነው። በውጭ አገር ሥርዓት የተማረ ልጅ ያላችሁም፣ ከሱዳን ወይም ከዓረብ አገር ተመላሽ ቢሆን፣ ማመልከቻው ከመከፈቱ በፊት ማስረጃውን በአቻ ግምት ማስመዘን ይኖርባችኋል። ዲግሪ ይዛችሁ ማስተርስ የምታስቡ መምህራን ደግሞ አገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ሰዓት ይዛችሁ ተለማመዱ፣ አፕቲትዩዱ እናንተንም ይጠብቃችኋል።

ስለ ወጪ አንድ ቃል። «በሬውን ካልሸጥኩ ልጄን ዩኒቨርሲቲ አላስገባም» የሚል ገበሬ ሰምቻለሁ። በመንግሥት ምደባ የገባ ልጅ ለትምህርቱ፣ ለማደሪያውና ለምግቡ በቅድሚያ አይከፍልም። የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፍላል። በሬው ይቆይ። በራሱ ወጪ የሚማር ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ ክፍያውን ከመመዝገቡ በፊት በጽሑፍ ያግኝ።

ከሁሉ ያስቆጨኝ ግን የስም ጉዳይ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች የጥሪ ማስታወቂያ ሲያወጡ የሚጠይቁት ተመሳሳይ ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ የ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አሁን ደግሞ የፋይዳ መታወቂያ፤ ከዚያ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ጨርቅና የስፖርት ትጥቅ። አንሶላው ከገበያ ይገዛል። ሰነዶቹ ግን ሁሉም አንድ ስም መያዝ አለባቸው። በእኛ አገር ልጅ የቤት ስም አለው፣ የክርስትና ስም አለው፣ ለትምህርት ቤት አጎቱ ያስመዘገበበት ሦስተኛ ስምም ሊኖረው ይችላል። የስምንተኛ ክፍሉ ሰርተፊኬት በአንዱ፣ ፋይዳው በሌላው ይወጣል። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ደግሞ አንዱ መምህር በአንድ ፊደል፣ ሌላው በሁለት ይጽፈዋል። የአያት ስም ይቀራል፤ ወይም ከአባት ስም ጋር ይጋጠማል። ልጁ 12 ዓመት ተምሮ፣ አልፎ፣ ሬጅስትራር መስኮት ላይ «ይህ አንተ ነህ?» ይባላል። ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ አንዳንዴም ወደ ፍርድ ቤት ይሮጣል፤ የምዝገባው ቀን ያልፋል።

ይህ በአንድ ሰዓት የሚስተካከል ነገር ነው፤ በጊዜው ከሆነ። ጊዜው ስምንተኛ ክፍል ላይ ለሚኒስትሪ ሲመዘገብ ነው። ካልተቻለ ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ የመጀመሪያው ትራንስክሪፕት ሳይሠራ። መስኩም እንዲሁ ነው፤ 11ኛ ላይ ተፈጥሮ ወይም ማኅበራዊ ብሎ የተመዘገበ ልጅ ሕክምናንም፣ ሕግንም፣ ግብርናንም ያን ቀን መርጧል ወይም ትቷል። ያ ምርጫ የጓደኛን እግር ተከትሎ በአንድ ማለዳ ሲደረግ አይቻለሁ። ስለ ልጁ ነጥብ፣ ስለ ዝንባሌው፣ የትኛው መስክ ወዴት እንደሚያደርስ ወላጅና መምህር አንድ ላይ ቢነጋገሩበት ይገባዋል።

ስለዚህ ለወረታና ለፎገራ ትምህርት ቤቶች፣ ለከተማችንና ለወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በመስከረምና በጥቅምት አንድ ጠረጴዛ ይቀመጥ። አንድ መምህር፣ ለዕረፍት የመጡ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አንድ ኮምፒውተር። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ሰርተፊኬቱንና መታወቂያውን ይዞ ይምጣ፤ ስሙ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ፊደል በፊደል ይመሳከር፤ ያልተስማማው ያኔውኑ እርማት ይጠይቅ። የዓመቱ መቁረጫ ነጥቦች፣ ለወንድ፣ ለሴት፣ ለዓይነ ስውር፣ በአማርኛ ተጽፈው በትምህርት ቤቱ በር ይለጠፉ፤ ቅዳሜ ገበያ ላይም ይነበቡ። ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ልጆች፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ለዚያ ጠረጴዛ ስማችሁን ዛሬ ማታ፣ ከመውጣታችሁ በፊት፣ እዚህ ፊት ለፊት ባለው መዝገብ ላይ ጻፉልን።